የነጠላው ጠርዝና የስቲቭ ራይት መጽሐፍ

በግሪን ስክሪን ፊት የተቀረጸን ሰው ከአረንጓዴው ነጥሎ ማውጣት ዛሬ የደቂቃ ሥራ ነው። የቪዲዮ ኤዲቲንግ ሶፍትዌሩን ዳቪንቺ ሪዞልቭን ከፍቶ ምስሎች ወደሚዋሃዱበት ወደ ፊውዥን ገጽ የገባ ጀማሪ ዴልታ ኪየር የተባለውን ኖድ ያስገባል፤ አረንጓዴውን ይመርጣል፤ ስክሪኑ ይጠፋል። ውጤቱን በመርጅ ኖድ ከሌላ ምስል ጋር ሲያገናኘው ከስቱዲዮ ያልወጣችው ዘፋኝ ሰሜን ተራሮች ላይ ቆማ ትታያለች። ፈተናው የሚጀምረው ምስሉን አቅርቦ ጠርዙን ሲመለከት ነው። በጸጉሯ ዙሪያ አረንጓዴ ጭላንጭል ቀርቷል። ትከሻዋ ላይ ያረፈው ነጠላ ስስነቱ ጠፍቶ ድፍን ነጭ ሆኗል። ይህን ለማረም ስላይደሩን ሲገፋ ደግሞ ነጠላው ይበሳሳል፤ ፊቷ ላይ ሳይቀር ቀዳዳ ይወጣል። አንዱን ሲያቀና ሌላው ይጣመማል። ለምን እንደሚጣመም ግን አያውቅም፤ በኖዱ ውስጥ ምን እየተሰላ እንደሆነ የነገረው የለም።

የስቲቭ ራይት «ዲጂታል ኮምፖዚቲንግ ፎር ፊልም ኤንድ ቪዲዮ» የተጻፈው ለዚህ ሰው ነው። መጽሐፉ በፎካል ፕሬስ አሳታሚነት ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2001 ሲሆን፣ በ2017 የወጣው አራተኛው እትም ነው። ራይት በሆሊውድ ሲኒሳይት ውስጥ በኮምፖዚተርነት፣ ማለትም የተለያዩ ምስሎችን አንድ አድርጎ በማዋሃድ ሙያ፣ የሠራ፣ ከዚያም ሙያውን በማስተማር ስሙ የታወቀ ባለሙያ ነው። ሲጽፍ የወሰነው ትልቁ ውሳኔ የትኛውንም ሶፍትዌር አለማስተማር ነበር። ይህን ተጫን፣ ያንን ጎትት አይልም። በምትኩ እያንዳንዱን ሥራ በሳጥንና በመስመር ይስለዋል፤ ምስሉ ከየት ገባ፣ በየትኛው ሳጥን ምን ተደረገበት፣ ወዴት ወጣ። በንብርብር የሚሠራ ሶፍትዌር የለመደ አንባቢ ይህን ሥዕል በሐሳቡ መተርጎም ይኖርበታል። የፊውዥን ተጠቃሚ ግን ምንም አይተረጉምም፤ የመጽሐፉ ሳጥኖች ራሳቸው ኖዶች ናቸው።

መጽሐፉን ከፊውዥን ጎን ለጎን ማንበብን የመረጥኩት በዚህ ምክንያት ብቻ አይደለም። መጽሐፉ ሲወጣ እንዲህ ያለው ሥራ የሚሠራባቸው መሣሪያዎች በአብዛኛው ከግለሰብ አቅም በላይ ነበሩ። በ1990ዎቹ ፍሌም የተባለው የማጠናቀቂያ ሥርዓት ከሲሊከን ግራፊክስ ኮምፒውተር ጋር በመቶ ሺዎች በሚቆጠር ዶላር ይሸጥ ነበር። ብላክማጂክ ዲዛይን በ2009 ዳቪንቺን፣ በ2014 ደግሞ የፊውዥንን ባለቤት ኩባንያ ገዛ። በ2018 ይፋ በሆነው ሪዞልቭ 15 ላይም ፊውዥንን ከኤዲቲንጉ፣ ከከለሩና ከድምፁ ገጾች ጎን አስቀመጠው። የሚከፈልበት ቅጂ 295 ዶላር ነው፤ ነጻው ቅጂም ፊውዥንን ይዞ ይመጣል። ሠርግ የሚቆርጥ፣ ክሊፕ የሚያጠናቅቅ ኤዲተር ከታይምላይኑ ሳይወጣ የሆሊውድ ኮምፖዚተር የሚሠራበትን ዓይነት መሣሪያ ያገኛል። መሣሪያው በእጅ ሲገባ የጎደለው እውቀቱ ነው፤ የራይት መጽሐፍም ከወጣበት ዘመን ይልቅ አሁን ብዙ ሰው ይጠቅማል ብዬ የማምነው ለዚህ ነው።

የመጽሐፉ ጉልበት ያለው ስለ ማት በሚናገሩት ምዕራፎች ላይ ነው። ማት ማለት የትኛው ፒክሰል እንደሚቀርና የትኛው እንደሚወገድ የሚናገር ጥቁርና ነጭ ምስል ነው። ነጩ ይቀራል፣ ጥቁሩ ይወገዳል፣ ግራጫው በከፊል ያሳልፋል። ኪየር የሚባለው ነገር ሁሉ ሥራው ይህን ምስል ማውጣት ነው። ራይት የቀለም ልዩነት የሚባለውን ዘዴ ሲያስረዳ መሣሪያውን ፈታቶ ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋዋል፤ ከየፒክሰሉ አረንጓዴ ቁጥር ላይ ከቀይና ከሰማያዊ የሚበልጠውን ቀንስ፣ ያ ብቻ ነው።

ቁጥር ካልገባበት አይጨበጥምና በራሴ ቁጥሮች ላሳይ። የስክሪኑ ፒክሰል ቀይ 0.20፣ አረንጓዴ 0.70፣ ሰማያዊ 0.25 ነው እንበል። ከ0.70 ላይ 0.25 ሲቀነስ 0.45 ይቀራል። የዘፋኟ ፊት ደግሞ ቀይ 0.35፣ አረንጓዴ 0.22፣ ሰማያዊ 0.15 ነው። ከ0.22 ላይ 0.35 ሲቀነስ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ዜሮ ተብሎ ይያዛል። ስክሪኑ 0.45፣ ፊቱ ዜሮ ሆነ ማለት ነው። አሁን 0.45 ወደ 1 እንዲደርስ ሁሉንም በ2.22 ማባዛትና መገልበጥ ይቀራል፤ ማቱ ወጣ። በፊውዥን ከስተም ቱል በተባለው ኖድ ውስጥ ይህ ከአንድ መስመር አይበልጥም። ያን መስመር በእጁ የጻፈ ተማሪ ከዚያ በኋላ የትኛውንም ኪየር ሲከፍት ስላይደሮቹ ምን እንደሚነኩ ያውቃል፤ አንዱ ማባዣውን ይለውጣል፣ ሌላው የታችኛውን ጫፍ ይቆርጣል፣ ሦስተኛው በቀይና በሰማያዊ መካከል ያለውን ሚዛን ያዛባል ወይም ያስተካክላል።

ዘዴው ከኮምፒውተር በፊት የተወለደ ነው። ፔትሮ ቭላሆስ የቀለም ልዩነትን ሐሳብ ያዳበረው በፊልም፣ በማጣሪያ ብርጭቆና በኬሚካል ዘመን ሲሆን፣ በ1959 የወጣው «ቤን ኸር» ከተጠቀሙበት ቀደምት ፊልሞች አንዱ ነው። ቭላሆስ በ1976 የመሠረተው አልቲማት በ2016 በዚያው በብላክማጂክ ተገዝቷል። ራይት የዚህን የዘር ሐረግ ጥቅም በሚገባ ተረድቶታል። ዘዴው በላቦራቶሪ ውስጥ በእጅ የሚሠራ ስለነበር ቀላል መሆን ነበረበት፤ ቀላል ስለሆነም በጥቂት ገጾች ሊማሩት ይቻላል።

ደራሲው የሚወደው ሌላ የማስተማሪያ መንገድ አለ። በምስሉ ላይ ከስክሪኑ ተነስቶ ወደ ሰውየው የሚሻገር አጭር መስመር ያሰምርና በመስመሩ ላይ ያሉትን ፒክሰሎች ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ በግራፍ ያወጣቸዋል። ጠርዝ በዓይን ሲታይ ስለት ይመስላል፤ በግራፉ ላይ ግን ሁልጊዜ ዳገት ነው። የአረንጓዴው መስመር ቀስ እያለ ይወርዳል፣ ቀዩ ይወጣል፣ መካከል ላይ ይተላለፋሉ። ኮምፖዚቲንግ ማለት ያንን ዳገት መንከባከብ መሆኑን ከዚህ በተሻለ የሚያስረዳ ሥዕል አላየሁም። ማቱን ጥቁርና ነጭ ብቻ እስኪሆን የሚጨምቅ ጀማሪ ዳገቱን ንዶ ገደል ያደርገዋል፤ ተቆርጦ የተለጠፈ የሚመስለው ምስል ከዚያ ይመጣል።

እዚህ ላይ ወደ ነጠላው እመለሳለሁ፤ መጽሐፉን በእኛ ሥራ ለመመዘን ከዚህ የተሻለ ፈተና የለም። ነጠላ ነጭ ነው፣ ስስ ነው፣ በፈትሉ መካከል ከኋላው ያለውን ያሳያል። በግሪን ስክሪን ፊት ስናየው ድሩና ማጉ የራሱን ነጭ ይሰጣል፤ ክፍተቱ ደግሞ የስክሪኑን አረንጓዴ ያሳልፋል። ጨርቁ 0.75 የሆነ ገለልተኛ ነጭ ነው እንበል፤ ከፒክሰሉ 60 በመቶውን ይሸፍናል፣ 40 በመቶው ስክሪን ነው። ድምሩ ቀይ 0.53፣ አረንጓዴ 0.73፣ ሰማያዊ 0.55 ይሆናል። በዘዴው ስንሄድ ከ0.73 ላይ 0.55 ሲቀነስ 0.18 ይቀራል፤ በ2.22 ሲባዛ 0.40 ነው። ስሌቱ የነጠላውን ስስነት በትክክል አገኘው። ስላይደሩን ገፍቶ 0.40ንና ከዚያ በታች ያለውን ሁሉ ወደ ዜሮ ያወረደ ኤዲተር ግን ነጠላውን ድፍን ጨርቅ አደረገው፤ ውስጡ የቀረውን አረንጓዴም ከነጨርቁ ይዞት መጣ።

አረንጓዴውን ለማጥፋት የተለመደው መንገድ ዲስፒል ነው። ራይት ስለዚህ የጻፈው ምዕራፍ በአጭሩ የተሟላ ነው። አረንጓዴው ከቀይ እንዳይበልጥ መገደብ፣ ከሰማያዊ እንዳይበልጥ መገደብ፣ ወይም ከሁለቱ አማካይ እንዳይበልጥ መገደብ፤ ሦስቱም የሚያድኑት ቀለምና የሚያበላሹት ቀለም አላቸው። ከላይ በቁጥር ያየነውን ፊት በሰማያዊ ብንገድበው አረንጓዴው ከ0.22 ወደ 0.15 ይወርዳል፤ ቆዳው ያለ ቦታው ወደ ቀይ ሐምራዊ ይሄዳል። በአማካይ ብንገድበው አይነካም። ነገር ግን ቀይ 0.80፣ አረንጓዴ 0.70፣ ሰማያዊ 0.10 የሆነ ቢጫ ጥለት በአማካይ ሲገደብ አረንጓዴው 0.45 ላይ ይቆማል፤ ቢጫው ብርቱካናማ ሆነ። በቀይ ቢገደብ ኖሮ ቢጫው ይድን ነበር። ባለጥለት የሀበሻ ቀሚስ የሚያጠናቅቅ ሰው ለፊቱ አንድ፣ ለጥለቱ ሌላ ዲስፒል የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው። ጥለቱ አረንጓዴ ክር ካለበት ደግሞ የተሻለው መፍትሔ ከኮምፒውተሩ በፊት ይገኛል፤ ስክሪኑን ሰማያዊ ማድረግ ነው።

ነጠላውን በአማካይ ዲስፒል ስናደርገው ቀይ 0.53፣ አረንጓዴ 0.54፣ ሰማያዊ 0.55 ይሆናል። አረንጓዴው ጠፋ። ነገር ግን ጨርቁ ራሱ ለፒክሰሉ ያዋጣው 0.45 ብቻ ነበር፤ የቀረው የስክሪኑ ብርሃን ትርፍ ነው፤ ግራጫ መስሎ ተደብቋል። ይህን ፒክሰል በጨለማ ምሽት ላይ ብናስቀምጠው ነጠላው ያለምክንያት ያበራል።

መጽሐፉ ለዚህ መልስ አለው። ራይት የፊት ምስሉን በማቱ ከማባዛት ሌላ አማራጭ መንገድ ያቀርባል። የስክሪኑ ቀለም ብቻ ያለበት ባዶ ምስል ሥራ፤ ማቱ ስክሪን ባለበት መጠን አባዛው፤ ከዋናው ምስል ላይ ቀንሰው። በቁጥሮቻችን እንሞክረው። ከስክሪኑ 40 በመቶ ሲወሰድ ቀይ 0.08፣ አረንጓዴ 0.28፣ ሰማያዊ 0.10 ነው። ከነጠላው ፒክሰል ላይ ስንቀንሳቸው በሦስቱም 0.45 ይቀራል፤ ንጹሕ ነጠላ፣ ያለ አንዳች አረንጓዴ፣ ያለ ትርፍ ብርሃን። ከዚያ የሰሜን ተራሮችን ምስል 40 በመቶ መደመር ብቻ ነው። በፊውዥን ይህ የቀለም ኖድ፣ አንድ ማባዣና አንድ መቀነሻ ይጠይቃል፤ የመርጅ ኖዱም ነባሪ አሠራሩ የፊት ምስሉ በአልፋ፣ ማለትም አብሮት በሚጓዘው ማት፣ ተባዝቶ እንደመጣ የሚወስድ ስለሆነ ውጤቱን ሳይነካ ይቀበለዋል። የቭላሆስ አልቲማትም የቆመው በዚሁ የመቀነስ ሐሳብ ላይ ነው። ቅሬታዬ ራይት ይህን መንገድ ከአማራጮች እንደ አንዱ ማቅረቡ ነው። ስስ ጨርቅ በየክሊፑ፣ በየሠርጉ ለሚያጋጥመው ሰው ይህ ዋናው መንገድ ነው፤ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ይገባው ነበር።

ቅሬታው ሌላም መገለጫ አለው። በመጽሐፉ ውስጥ ለጸጉር የሚጠቅም አንድ ጥሩ ዘዴ አለ። ምስሉ ሁለት ጊዜ ይገጠማል፤ መጀመሪያ ለስላሳ ጠርዝ ባለው ማት፣ ከዚያ በዚያው ላይ ጠርዙ ወደ ውስጥ በተሸረሸረ ጠንካራ ማት። የመጀመሪያው የጸጉሩን ጫፍ ያድናል፣ ሁለተኛው የሰውነቱን መካከል ይደፍናል። ዘዴው ግን ስስነት የሚኖረው ጠርዝ ላይ ብቻ እንደሆነ ይቆጥራል። ነጠላ መካከሉም ስስ ነው። ጠንካራውን ማት እንዳለ ብንጠቀም ደረቷ ላይ የወረደው ነጠላ ይደፈናል፤ ስለዚህ ጠንካራው ማት በፖሊጎን ጭምብል ፊቷና ቀሚሷ ላይ ብቻ መታጠር አለበት፤ ጭምብሉም ከእንቅስቃሴዋ ጋር አብሮ መሄድ አለበት። አንባቢው ይህን የሚደርስበት ራሱ ነው። መሠረቱን ከመጽሐፉ ስላገኘ ይደርስበታል፤ ግን ያለ መሪ።

ስለ ማዋሃዱ ስሌት የተጻፈው ምዕራፍ ደረቅ ሊመስል ይችላል፤ እንዲዘለል ግን አልመክርም። መርጅ ኖድ የሚሠራው ስሌት ቶማስ ፖርተርና ቶም ደፍ በ1984 በሉካስፊልም ሳሉ ባሳተሙት ጽሑፍ የተደነገገ ነው። የፊት ምስሉ በአልፋው ተባዝቶ ይመጣል፤ የኋላው ምስል በአልፋው ግልባጭ ይባዛል፤ ሁለቱ ይደመራሉ። ኤዲተሮች ከሚያጋጥማቸው የጠርዝ ችግር ግማሹ የሚመጣው ከዚህ ይመስለኛል። በአልፋ የተባዛ ምስል ላይ ከለር ኮሬክሽን ያደረገ ሰው የጠርዙን ፒክሰሎች ከመካከሉ በተለየ መጠን ይለውጣቸዋል፤ ጥቁር ወይም ነጭ ክር የመሰለ መስመር በሰውየው ዙሪያ ይዞራል። ያንን መስመር ለማጥፋት ማቱን መሸርሸር ልማድ ሆኗል፤ በዚያውም ጸጉሩ ይሸረሸራል። ትክክለኛው መንገድ ከእርማቱ በፊት በአልፋው ማካፈል፣ ከእርማቱ በኋላ መልሶ ማባዛት ነው። በፊውዥን የከለር ኖዶች ላይ ለዚህ የምትሆን አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች፤ ምልክት ማድረግ ብቻ ነው። ሳጥኗን ብዙ ሰው አይቷታል፣ ለምን እንዳለች ያወቀ ግን ጥቂት ነው።

ከላይ ያሉት ቁጥሮቼ ሁሉ አንድ ነገር ታሳቢ አድርገዋል፤ ፒክሰሎቹ የብርሃንን መጠን በቀጥታ ይናገራሉ የሚል። የቪዲዮ ፋይል እንዲህ አይናገርም። ለስክሪን የተዘጋጀ ምስል በጋማ የተጨመቀ ነው፤ 0.5 የሚል ቁጥር የግማሽ ብርሃን ሳይሆን በግምት የ22 በመቶ ብርሃን ምልክት ነው። ነጭና ጥቁር እኩል በእኩል ብንቀላቅል በብርሃን ሒሳብ ውጤቱ ከ255 ውስጥ 186 ገደማ መሆን ሲገባው፣ በጋማው ላይ ብንሠራ 128 አካባቢ ይወጣል። የነጠላው ስስ ክፍል የቆሸሸ የሚመስለው፣ የመብራት ብልጭታ ሲደበዝዝ የሚሞተው በዚህ ምክንያት ነው። መጽሐፉ ጋማን በሚገባ ያስረዳል፤ ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ እትሞች ምዕራፉ ከማት፣ ከዲስፒልና ከማዋሃድ በኋላ ነው የመጣው። እኔ ተማሪ ባስተምር ከእነዚህ ሁሉ በፊት አስቀድመው ነበር። በፊውዥን ምስሉ ሲገባ ጋማውን ማንሳት ይቻላል፤ ያን ሳያደርጉ የሚሠሩት ኮምፖዚት ሒሳቡ ከመነሻው የተዛባ ነው።

ስለ ፊልም የተጻፉት ምዕራፎች ያልጠበቅኩትን ዋጋ ሰጡኝ። ኮዳክ በ1993 ያስተዋወቀው የሲኒዮን ሥርዓት የፊልም ኔጋቲቭን በ10 ቢት ሎግ ያስቀምጥ ነበር፤ ከ0 እስከ 1023 ባሉት ቁጥሮች ውስጥ 95 ጥቁር፣ 685 ነጭ፣ ከዚያ በላይ ያለው ደግሞ ለብልጭታና ለፀሐይ የተተወ ቦታ። የፊልም ስካነር ከዕለት ተዕለት ሥራ ሲወጣ እነዚህ ገጾች አብረው የሚያረጁ ይመስሉ ነበር። የሆነው ተቃራኒው ነው። ዛሬ በአዲስ አበባ ክሊፕ የሚቀረጽባቸው የሶኒ፣ የካኖንና የብላክማጂክ ካሜራዎች በአብዛኛው የየራሳቸው የሎግ ኩርባ አላቸው፤ ሐሳቡም ያው የሲኒዮን ሐሳብ ነው። ሎግ ምስል ግራጫና የደበዘዘ የሚመስለው ለምንድን ነው፣ ነጩ ለምን ከጣራው በታች ተቀመጠ፣ ከነጩ በላይ ያለውን ብርሃን ሳይቆርጡ እንዴት ወደ ቀጥተኛ ብርሃን ይመልሱታል ለሚሉት ጥያቄዎች እዚህ የተሰጠው ማብራሪያ የሎግ ካሜራ ለያዘ ወጣት ሁሉ ይሠራል። ግሪን ስክሪንን ሎግ እንደሆነ ኪይ ለማድረግ የሚሞክር ሰው አረንጓዴውና ቆዳው ለምን እንደተቀራረቡበትም እዚሁ ይረዳል።

የቪዲዮው ምዕራፍ እንዲህ አልታደለም። ትኩረቱ በአብዛኛው ወደ አሜሪካው ኤንቲኤስሲ ያዘነብላል፤ የፊልምን 24 ፍሬም በሴኮንድ ወደ 29.97 የማስገባት ጣጣ እኛን አይመለከትም። በፓል ያደገ አገር፣ 625 መስመር፣ 25 ፍሬም፣ 50 ፊልድ፣ ከዚህ የሚወስደው ስለ ፊልዶች ያለውን ክፍል ብቻ ነው። የድሮ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀረጻ በዘጋቢ ፊልም ውስጥ ለሚጠቀም ሰው ይህ ቁም ነገር ነው፤ ፊልዶቹን ሳይለያዩ ትራኪንግ በአግባቡ መሥራት አይቻልም። የቀለም ናሙና ቅነሳ ጉዳይም አላረጀም። በ4:2:0 የተቀረጸ ፎርኬ 3840 በ2160 ፒክሰል ቢኖረውም ቀለሙ የተመዘገበው በ1920 በ1080 ነው፤ ኪየር የሚኖረው ደግሞ በቀለም ነው። ጠርዙ መሰላል የሚመስለው የኪየሩ ድክመት ሆኖ አይደለም። ብርሃኑን ሳይነኩ የቀለም ቻናሎቹን ብቻ በጥቂቱ አለስልሶ ማቱን ከዚያ ቅጂ ማውጣት ብዙ ይረዳል፤ የሚለሰልሰው ለማት የሚያገለግለው ቅጂ ብቻ መሆን አለበት፤ ዋናው ምስል አይነካም።

ማቱ ካማረ በኋላስ? ፊትና ኋላው አንድ ቦታ፣ አንድ ሰዓት የተቀረጹ እንዲመስሉ ማድረግን ራይት በብርሃን፣ በካሜራና በእንቅስቃሴ ከፋፍሎ ያስተምራል። ስለ ሌንስ የጻፈው ግሩም ነው። ከትኩረት የወጣ ምስል ከደበዘዘ ምስል ይለያል፤ በሌንስ ውስጥ የሩቅ መብራት ሲሰፋ ብርሃኑን ይዞ ክብ ይሆናል፣ ተራ ብለር ግን አማካዩን ወስዶ ያደበዝዘዋል። ስለ ግሬይንም እንዲሁ፤ የሰማያዊው ቻናል ከሌሎቹ ይበልጥ ይርገበገባል፣ ስለዚህ አንድ ዓይነት ግሬይን በሦስቱም ላይ መጣል ወዲያው ያስነቃል። ስለ ብርሃን ያለው ክፍል ግን መሣሪያ ያስታጥቃል እንጂ ዓይን አያሠለጥንም። ከኋላ ያለው ብርሃን በሰውየው ጠርዝ ላይ እንዲጠቀለል የሚያደርገው ዘዴ እንዴት እንደሚሠራ ይነግረናል። በስቱዲዮ ለስላሳ መብራት የተቀረጸች ሴት በቀትር ፀሐይ መልክዓ ምድር ላይ ስትቆም ምንም ያህል ብርሃን ቢጠቀለልባት የማትዋሃድ መሆኗን፣ የአፍንጫዋ ጥላ ወደ ታች መውደቅ እንደነበረበት፣ ይህን አይቶ የኋላውን ምስል ወደ ደመናማ ቀን ወይም ወደ ማለዳ መለወጥ እንደሚሻል ግን አንባቢው ከምዕራፉ ተምሮ አይወጣም። አንድን ችግር የትኛው ኖድ እንደሚፈታው መጠየቅ ቀላል ነው። ምስሉ ለምን ውሸት እንደሚመስል መለየት ይከብዳል፤ ራይትም ሚዛኑ ወደ መጀመሪያው አጋድሏል።

በዚህ በኩል በ1999 የወጣው፣ በ2008 ለሁለተኛ ጊዜ የታተመው የሮን ብሪንክማን «ዚ አርት ኤንድ ሳይንስ ኦፍ ዲጂታል ኮምፖዚቲንግ» ይሻላል። ሼክ የተባለውን ሶፍትዌር ከሠሩት ሰዎች አንዱ የነበረው ብሪንክማን ዓለም በካሜራ በኩል እንዴት እንደምትታይ በማስተዋል ላይ ብዙ ገጽ ያጠፋል፤ በራይት ውስጥ የማይገኝ እርጋታ አለው። ቁጥሩን ወስዶ ዛሬውኑ ኖድ ላይ ለመሞከር የሚፈልግ ሰው ግን ከብሪንክማን ይልቅ ራይትን ይያዝ እላለሁ። ዋጋው ለግለሰብ ቀላል አይደለምና በሥራ ባልደረቦች መካከል ተዋጥቶ ቢገዛ የሚያስቆጭ አይሆንም።

የራይት መጽሐፍ ትልቁ ጉድለት አወቃቀሩ ላይ ነው። ምዕራፎቹ በሥራ ዓይነት ተከፍለዋል፤ ማት በአንድ ቦታ፣ ዲስፒል በሌላ፣ ግሬይን በሌላ። በእውነተኛ ሥራ ግን ሾቱ ሲመጣ ሁሉንም ይዞ ነው የሚመጣው፤ የአንዱ ውሳኔም ሌላውን ያስራል። ከመግቢያው እስከ ርክክቡ አብሮን የሚዘልቅ አንድ ሾት ቢኖር ኖሮ መጽሐፉ በግማሽ ይቀል ነበር። እኔ ብመርጥ ነጠላ የለበሰች ሴት በማራገቢያ ነፋስ ውስጥ ስትራመድ፣ በእጅ በተያዘ ካሜራ፣ በሎግ፣ በ4:2:0 የተቀረጸችበትን እመርጥ ነበር። ሎጉ ወደ ቀጥተኛ ብርሃን ሲመለስ የመጨረሻዎቹን ምዕራፎች አስቀድሞ ያስነብባል። የካሜራው ንቅናቄ ከስክሪኑ ላይ በተለጠፉ ምልክቶች ትራክ ይደረጋል፤ ምልክቶቹም ማቱ ከመውጣቱ በፊት በስክሪኑ ቀለም መሸፈን አለባቸው። ማቱ ለፊቷ፣ ለጸጉሯና ለነጠላው ሦስት ሆኖ ይወጣል። ነጠላው የስክሪኑን ቀለም በመቀነስ ይጸዳል፤ ፊቷ በአማካይ ዲስፒል፣ ጥለቱ በቀይ። ከዚያ የኋላው ምስል በሌንሱ ልክ ከትኩረት ይወጣል፤ ግሬይኑ በየቻናሉ ይለካል፤ ሁሉም ተዋሕዶ ካበቃ በኋላ ብቻ ወደ ከለር ገጹ ይሻገራል። ራይት ለእያንዳንዱ እርምጃ የሚያስፈልገውን ጽፎታል፤ ቅደም ተከተሉን ግን አንባቢው ከተበተኑት ምዕራፎች ለቅሞ ራሱ መሥራት አለበት።